ለማሽኑ የተሠራ የቆርቆሮ ቤት

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

የግድግዳው ብረት ዛሬም ቀዝቃዛ ነው። ጠዋት እጄን ጭኜበት ብዙ ቆየሁ፤ ምንም የለም።

ሐኪሟ ከሆስፒታል ስታስወጣን ደጋግማ ያለችን አንድ ነገር ነበር፤ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝባት። ልጄ ሐያት በሰባት ወሯ የወለደቻት ኑሪያ ገና ክንድ አትሞላም። ሐያት ቀኑን ሙሉ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛታለች። ከሰል እንዳላስገባም፣ ጭሱ ለሳንባዋ አይሆንም ተብያለሁ።

ማሽኑ የተገዛው ለዚሁ ነው። ባለቤቴ አብዱ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ከአንድ ከፈረሰ እንግዳ ማረፊያ አገኘው። የገጠመልን ሙስጠፋ ቁጭ ብሎ አስረዳን። ግቢ የሚቆመው የማሽኑ ክፍል በማራገቢያው አየር ይስባል፣ ከአየሩ ሙቀቱን ይወስድና ለውሃ ይሰጣል፣ ውሃው ደግሞ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ብረቶች ይዞራል። በበጋ አሠራሩ ሲገለበጥ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጪ ያወጣል አለ። ከሐምሌ አየር ምን ሙቀት ይገኛል ብዬ ሳቅኩበት። ግን ወላሂ ሠራ! ያን ሰሞን ሐያት ሹራቧን አውልቃ ነበር። ከቅዳሜ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ብረቱ ለብ ይላል፤ ደስ ሲለን መልሶ ይቀዘቅዛል። ጭራሽ ከክፍሉ ይብሳል።

ሙስጠፋ ለቅሶ አገር ቤት ሄዷል፤ ስልኩ አይገባም። አስር ጊዜ ደወልኩ መሰለኝ።

ያደረግነው፦ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ድርብ ካልሲ፣ በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ። በሩ ሥር ጨርቅ ወተፍኩ። ሌላ የማውቀው የለም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ኑሪያ መጥባት ሰንፋለች። ሁለቴ ስባ ትተኛለች። እግሯን በመዳፌ ይዤ እፍ እላለሁ፤ እንደለቀቅኩት ይቀዘቅዛል። ሐያት ቀና ብላ አታየኝም። ካየችኝ ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች እኔም አልቀርም።

አብዱ 18 ማዞሪያ ድረስ ሄዶ ፍሪጅ ጠጋኝ ጠየቀ። ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር ነክቼ አላውቅም አለው። ቢያንስ አልዋሸም። ከዚያ መብራት ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለ፤ እኔም ቁጭ ብዬ ስሰማ ዋልኩ። ነገ ካልጠባች ወደ ሆስፒታል እንመለሳለን። ያ ረቢ፣ በዚህ ዝናብ እንዴት አድርገን?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

አልጠባችም ማለት ይቻላል። መብራቱ መጥቶ ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ብረቱ ግን ያው ነው። ሻንጣውን አዘጋጀሁ። ታክሲ እስኪመጣ ማሽኑን ልየው ብዬ አብዱን ቁልፉን አምጣ አልኩት።

የቁልፉን ነገር ልጻፍ። አምና ሌባ አጥር ዘሎ የውሃ ዲናሟችንን ነቅሎ ወስዶብናል። አብዱ ያ ነገር አልወጣለትም። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት በያጅ ጠርቶ ለማሽኑ ዙሪያውን የቆርቆሮ ቤት አሠራለት፤ ጣራ፣ በር፣ ጓጉንቸር። ቀዳዳውን ሁሉ በስፖንጅ ደፈነ፤ ብርድ እንዳይመታው ብሎ! እኔም ደግ አደረግክ አልኩት። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው።

በሩን ሲከፍተው ፊቴን የመታኝ አየር የፍሪጅ ነው። ውጪ ዝናብ ላይ ቆሜ ይሻለኝ ነበር። የማሽኑ ጀርባ ነጭ በረዶ ለብሷል። ያኔ ገባኝ። ሙቀቱን የጨረሰውን አየር ይተፋል፣ መውጫ ስለሌለው ያንኑ መልሶ ይስባል። ከዚያ በረዶው እንዲቀልጥለት የእኛን ውሃ ሙቀት ይወስዳል። ሙስጠፋ ፊቱን አትዝጉበት ያለው ለዚህ ነበር፤ እኛ ዕቃ አትደርድሩበት ማለቱ መስሎን።

አፍርሰው አልኩት። አብዱ ጓጉንቸሩን ይዞ ቆመ። ከከፈትነው ማሽኑ ነገ የለም አለኝ። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም።

"ሌባ ቢወስደው ይውሰደው" አልኩት። "ልጅቷን ግን ብርድ አይውሰዳት።"

መዶሻ አምጥቶ ማፍረስ ጀመረ። ሐያትና ኑሪያ በታክሲው ከሐያት አክስት ጋር ወደ ሆስፒታል ሄዱ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ጠዋት መለሷቸው። ሆስፒታሉ አሙቆ፣ መግቦ፣ ቤቱ ሞቋል ወይ ብሎ ጠይቆ። ሐያት ሞቋል ብላ ደፍራ መለሰች፤ ሳታየው።

ሞቆ ነበር። ብረቱን ነክታ እጇን ሳብ አደረገችና ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ!

አብዱ ከትናንት ጀምሮ ካፖርቱን ደርቦ ዱላውን ይዞ ከማሽኑ ፊት ተቀምጧል። ገለል በል ስለው ከዚህ ነው አጥሩ የሚታየኝ አለ። ጁምዓ ሲሄድ በቦታው እኔ ተተካሁ። ይህንንም እዚያው ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ጣቴ ደንዝዟል። ማሽኑ ከቤቱ ያስቀረውን ብርድ ሁሉ ጉልበቴ ላይ ይነፋል።

አሁን ሐያት በመስኮት ጠራችኝ።

"እማ፣ አንገቷን አላባት።"

አልሐምዱሊላህ። አንድ ካልሲ አውልቂላት አልኳት። ገብቼ ባያት ደስ ባለኝ፤ ግን አብዱ አልተመለሰም፣ አጥሩም አጭር ነው። ነሐሴም ገና አልገባም። ወንበሬን ወደ ማሽኑ ጠጋ አደረግኩ።