ቡርሳሜ በጾም ቀን

ሐዋሳ፣ ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ሚካኤል ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አልሄድኩም። ባሌን ጌታቸውን ብቻውን ትቼው መውጣት አልችልም። ስትሮክ ከመታው ወዲህ እቤትም ሆኜ ጸሎት እጀምርና መሃል ላይ ይጠፋኛል። እሱ እንኳ ታሞም ጾሙን አልተወም።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ትኩስ ቡርሳሜ ይዘው መጡ። ፕሮቴስታንት ስለሆኑ የእኛን ጾም አይጾሙም። ክዳኑን ሲከፍቱት ቆጮው በቅቤ ርሷል። እኔና ጌታቸው ተያየን። ፊታችንን አይተው ግንባራቸውን መቱ።

«ውይ በሞትኩት! ረቡዕ ነው ለካ!»

ጌታቸው ሳቀ። አፉ አሁንም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ሳቁ ግን የድሮው ነው።

እትዬ አስቴር ሳህኑን ከድነው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡትና የማይታዘዘውን እጁን ይዘው ጸለዩለት። «ልቤ ሲሞላ አማርኛው አይበቃኝም» ብለው በሲዳምኛ ነው የጸለዩት። እኔ የገባኝ የባሌ ስም ብቻ ነው። ስሙ በተጠራ ቁጥር «አሜን» አልኩ። እኔ መጨረስ ያቃተኝን ጸሎት እሳቸው ጨረሱልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

እራት ላይ ሽሮውን ሳጎርሰው ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነው።

«ነገ ሐሙስ ነው አይደል?» አለኝ።

እጄ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ከታመመ ጀምሮ ስለ ነገ አንስቶ አያውቅም።

«አዎ፣ ሐሙስ ነው» አልኩት። «ጠዋት አሞቅልሃለሁ።»