ብቻዋን የቀረች አረንጓዴ ነጥብ

ውድ አባዬ፣

ሳተላይቱ በሚያልፍበት ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ትለብሳለህ አሉ። ባለፈው ደውለህ «እጄን አውለበለብኩልሽ እኮ፣ አላየሽኝም?» ስትለኝ፣ «አየሁህ» እንዳልል ውሸት ሆነብኝ፤ «አላየሁህም» እንዳልል አንጀቴ አልችል አለ። ሳቅሁ። ሳተላይቱ የጥበቃ ቤትህን ከነበረንዳው በምስሉ ላይ በአንዲት ነጥብ ነው የሚያጠቃልለው። አንተ ከነሸሚዝህ በውስጧ ነህ።

ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሰማይ ላይ ነው የምትሠራው» ትላለህ። የምሠራው ምድር ቤት ነው፣ መስኮት በሌለው ክፍል። የደኑን የዘንድሮ ምስል ከአምናው ጋር አስተያያለሁ፤ ዛፍ ያለበት አረንጓዴ፣ የጠፋበት ቀይ ይሆናል። ዕድሜህን ሙሉ የጠበቅኸው ደን ዘንድሮ ቀይ ሆነ። ማንም አልቆረጠውም። ዝናቡ እየራቀ፣ ሙቀቱ እየበረታ ሄዶ እንደቆመ ደረቀ። አለቃዬን «ቆሞ ለደረቀ ዛፍ ሌላ ቀለም ይኑረን» ስለው፣ «ለቀለም ደግሞ ስብሰባ ልጥራልሽ?» አለኝ።

በቀዩ መሃል ግን አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አለች፤ ደጃፍህ ላይ ያለው ዋርካ። በጀሪካን ውኃ እያመላለስክ እንደምታጠጣው እማዬ ነግራኛለች። «ወገቡ ሊቀነጠስ ነው፣ ኧረ አንድ በይው!» ብላ።

ኮምፒውተሩ ብቻዋን የቀረች ነጥብ ሲያገኝ እንደ ስህተት ይቆጥርና የጎረቤቶቿን ቀለም ይቀባታል። አረንጓዴ አድርጌ መለስኳት። ተመልሳ ቀላች። ደግሞ መለስኳት። ከቁመቱ የተነሣ ሰማይ ጠቀስ የምንለው ባልደረባዬ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ፣

«ምንድን ናት እሷ? ጉድፍ ናት?» አለ።

«አባቴ ነው።»

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሌላ ምን ያድርግ?

ካርታው ያለ እሷ ወጣ። ደን የሌለበት ቦታ ጠባቂ አያሻውም ተብሎ የጥበቃ ጣቢያህ ሊዘጋ ነው፤ ቤቱንም ልቀቁ ይሏችኋል። ሰዎቹ በር ሳያንኳኩ ከእኔ ስማው ብዬ ነው። «አንድ ዛፍ አለ» ብዬ አቤት አልኩ። «ካርታውን ተመልከቺ» አሉኝ። የሠራሁት እኔ ነኝ።

ብዕር ያነሣሁት ዛፉን ተወው፣ ወገብህን አትርፍ ልልህ ነበር። እዚህ ስደርስ አቃተኝ። እስኪያስወጡህ ድረስ አጠጣው፤ ሳተላይቱ ሲያልፍም ሸሚዝህን ልበስ። አላይህም። ግን የትኛዋ ነጥብ ውስጥ እንደቆምክ አውቃለሁ፤ እጄን አነሣልሃለሁ።

ምድር ቤት ያለችው ልጅህ