አንዲት «ወይም»

ጥቅምት 4
ቢሮ የወንጀል ሕጉን ስናርም ዋልን። የድርጅት ሒሳብ አዛብቶ ያቀረበ «በእስራት ወይም በገንዘብ መቀጮ ይቀጣል» ይላል። ዳኞቹ ሁልጊዜ መቀጮውን ነው የሚመርጡት። አለቃዬ፣ «እስቲ በዚህ አንቀጽ የታሰረ አንድ ሰው አሳዩኝ» አለ። መዝገብ ብናገላብጥ አንድም የለም።
ከሥራ በኋላ እናቴ ቤት። ታናሽ እህቴና ባሏ አዲስ ማቀዝቀዣ አምጥተውላታል። እናቴ በሩን እየከፈተች፣ እየዘጋች… የቤት ኪራይዋን የምከፍለው እኔ ነኝ። ኪራይ ደግሞ በር የለው፣ አይከፈት አይዘጋ።

ጥቅምት 11
የእህቴን ባል «ጌታው» ነው የምለው። እዚህ ደብተር ላይ ብቻ። የቀለም ፋብሪካ የሒሳብ ኃላፊ ነው።
ዛሬ ምሳ ላይ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ነገርኩት።
«አንዲት ‹ወይም› ላይ ሳምንት ሙሉ?» ብሎ ሳቀ። እህቴም ሳቀች። እናቴ አልገባትም፣ ግን ሳቀች።
ከዚያ ዓሣውን አጥንቱን ለቅሞ እህቴ ሳህን ላይ አደረገላት። ሳያይ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ። ቀናሁ። በቃ፣ ቀናሁ! መኪናውስ ይቅር… ለኔ አጥንት የሚለቅምልኝ ማነው?

ኅዳር 2
ስብሰባ። «‹ወይም› ትውጣ፣ ‹እና› ትግባ» አልኩ። እስራትም፣ መቀጮም።
አብረውን የሚያርሙት ሽማግሌ ዳኛ፣ «ልጄ፣ አልከረረም?» አሉኝ።
«ሞባይል የሰረቀ ይታሰራል። የስንቱን ሠራተኛ ጥሪት በውሸት ሒሳብ ያስበላ ከፍሎ ይውጣ?»
ተስማሙ። እውነቴን ነበር። ግን ስናገር ዓይኔ ላይ የነበረው የጌታው ከረቫት ነው። ለምን? ምን አደረገኝ?

ጥር 20
ሕጉ ጸደቀ! ለእናቴ ደወልኩ። የምን ሕግ እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ፣ «ጎሽ። ስሚ እንጂ፣ እህትሽ እኮ ቤት ልትገዛ ነው» አለችኝ።

ግንቦት 8
ጌታው ተያዘ።

ግንቦት 9
ፋብሪካው ከከሰረ ቆይቷል አሉ። እሱ ግን ትርፍ ነው እያለ ይፈርም ነበር። ሠራተኞቹ ያንን አምነው ባጠራቀሙት ሁሉ የፋብሪካውን አክሲዮን ገዙ። አሁን ባዶ እጃቸውን ናቸው። አዲሱ ሕግ ከወጣ በኋላም ፈርሟል።
ስሰማ ደስ አለኝ። ለአፍታ… ግን ደስ አለኝ።
ወዲያው እህቴ ደወለች። «እትዬ፣ መቀጮ ነው አይደል? ቤቱን እንሸጣለን። መኪናውንም።»
«ላጣራ» አልኳት። ምኑን ነው የማጣራው? ራሴ ጽፌው!

ሐምሌ 15
ሰባት ዓመት።
ዳኛዋ አንቀጹን ስታነብ «እና» ላይ ስትደርስ ከንፈሬ አብሯት ተንቀሳቀሰ። ከኋላዬ አንዲት የፋብሪካው ሠራተኛ «ተመስገን!» አለች። ዞሬ ላያት አቃተኝ። እህቴ አላለቀሰችም። እሱን ብቻ ታያለች። እሱም እሷን ብቻ።

ነሐሴ 3
እህቴ እናቴ ቤት ገብታለች። ዛሬ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ዓሣ እየለቀመች ነበር፣ ወህኒ ቤት ይዛለት ልትሄድ።
«ማንኪያ ብቻ ነው የሚሰጧቸው። አጥንቱ እንዳይወጋው» አለችኝ።
እናቴ ማቀዝቀዣውን በኃይል ዘጋችው። «ይህን ሕግ የጻፈ እጁ ይሰበር!»
እጄን ከጠረጴዛው በታች አደረግሁ።
«ተይ እማዬ፣ እሷ ናት የጻፈችው» አለች እህቴ። ቀና አላለችም። «እሱ ነው የነገረኝ። ‹ልክ ናት፣ እንዳትቀየሚያት› ብሎኛል።»
እናቴ የማቀዝቀዣውን በር መልሳ ከፈተችው።
እኔ? ታስሮም አጥንት የሚለቀምለት እሱ… አሁንም ቀናሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?
እጄን አወጣሁ። ሳህኑን ወደ መሀል ሳብኩና ከእህቴ ጋር መልቀም ጀመርኩ። አንዷ አጥንት ጣቴን ወጋችኝ። መልቀሜን ቀጠልኩ።