የማላቲ አባት የታሰሩበት ሳምንት

ሰኞ

ማላቲ ዛሬ ምንም አልበላችም። ከሥራ ስገባ ስልኳን ጭብጥ አድርጋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አባቷ ታስረዋል። ሕንድ፣ እነሱ አካባቢ፣ ቅዳሜ ቀን የአንድ ገበሬ የውሃ ፓምፕ ተሰረቀ። ፖሊስ ማንንም ሳይጠይቅ በቀጥታ እነሱ ቤት መጣ።

"ለምን እናንተ ቤት?" አልኳት።

"ሎዳ ስለሆንን።"

ስምንት ወር በአንድ ቤዝመንት ስንኖር፣ ከትልቁ ከተማ ከኮልካታ ነኝ ነበር የምትለኝ። ለካ አገሯ ከዚያ ርቆ ጫካ ዳር ነው። በእንግሊዞች ዘመን የእነሱን ጎሳ፣ ሎዳዎችን፣ በሕግ፣ ከተወለዱ ጀምሮ ሌባ ብለው መዝግበዋቸው ነበር አለችኝ። ሕጉ ቀረ፣ ስሙ አልቀረም።

ማክሰኞ

ምነው አፌን በቆረጠው! ላጽናናት ቁጭ ብዬ፣ "ግን እርግጠኛ ነሽ? ምናልባት ቸግሯቸው..." አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ረቡዕ

አታናግረኝም።

ይህን የምጽፈው ለራሴ ነው፣ አልዋሽም። ጠዋት ዌስተን ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ለሺፍት ስወጣ መሳቢያዬን ከፍቼ የወርቅ ሀብሌን አየሁ። አለ። ምን ነካኝ? አረጋውያኑን ሳጥብ፣ ሳለብስ ፊቴ በሃፍረት ሲቃጠል ዋለ።

ሐሙስ

ጠዋት በሯን አንኳኩቼ፣ "ይቅርታ፣ ክፉ ነገር ተናገርኩሽ" አልኳት። በሩን ከፈተችና፣ "ነይ ግቢ፣ ስደውል አጠገቤ ሁኚ" አለች።

የደወለችው የድሮ መምህሯ ጋ ነው። ቅዳሜ አባቷ ቀኑን ሙሉ የመምህሩን ጣሪያ ሲጠግኑ ነው የዋሉት። መምህሩ ግን ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ፈርተዋል። ቋንቋው አይገባኝም። መጀመሪያ ለመነች፣ ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ እጄን ጨምቃ ይዛለች።

"ምን አልሻቸው?"

"ማንበብ ያስተማሩኝ እርስዎ፣ እውነቱን የሚያውቁትም እርስዎ አልኳቸው።"

እሄዳለሁም፣ አልሄድምም አላሉም። ከሰዓት ኮሌጅ ኤግዛም ነበራት። ዓይኗ እንዳበጠ ሄደች።

ዓርብ

ተፈቱ! መምህሩ ሄደው መሰከሩላቸው። አባቷ ጣቢያ ውስጥ ጎናቸውን ተመተዋል፣ ሲተነፍሱ ያማቸዋል። ልምጣ ስትላቸው፣ "ትምህርትሽን ጨርሰሽ ነይ" አሏት። ፓምፑ አልተገኘም። ነገ ሌላ ነገር ቢጠፋስ?

እያወሩ ሳሉ አስነጠሰኝ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ "አባቴ አጠገብሽ ማን አለ ብሎ ጠየቀኝ" አለችኝ።

"ምን አልሽ?"

"አብራኝ የምትኖር ሴት።"

ጓደኛዬ አላለችም። እኔም አልተከራከርኩም።