ኮምፒዩተሩ ለማን ነው የሚያሳብቀው?

ሰኞ፣ ጥር 6
ዛሬም ሥራ። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ጠረጴዛው ጋ ይደርሳል። ባልየው አዲስ ፎንት ልጫን ብሎ ቢያዘው ኮምፒዩተሩን የሚያሠራው ሊኑክስ ፊት ነሳው። ፈቃድ የለህም፣ ሙከራህም ሪፖርት ይደረጋል...
«ለማን ነው የሚያሳብቀው?»
«ለእኔ።»
በሳቅ ልሞት። የማተሚያ ቤታችን አስተዳዳሪ እኔ ብቻ ነኝ፤ እንደዚያም ይሻላል። ባለፈው ፕሪንተሩን ላስተካክል ብሎ ሁለት ቀን አስተኝቶታል።

ሐሙስ፣ ጥር 9
ሐኪሟ እስክወልድ ከአልጋ እንዳልወርድ አዘዘች። ከሰኞ ጀምሮ። ትምህርት ቤቱ ያዘዘን ፈተና ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይታተማል። ኮምፒዩተሩ ፓስወርድ በጠየቀ ቁጥር ማን ሊሰጠው ነው?
«ያንቺን ንገሪኝ።»
አይሆንም። የኔ የኔ ነው። ለእሱ የራሱን ፈቃድ እከፍትለታለሁ። አንድ መስመር መጻፍ ነው... እጄ ግን እንቢ አለ።

ዓርብ፣ ጥር 10
ጨከንኩ። የፈቃዱን ፋይል ቪሱዶ በሚባለው ማረሚያ ከፈትኩ፤ ስህተት ካየ ያስጠነቅቀኛል፣ አለዚያ ሁለታችንም ውጭ ልንቀር እንችላለን። ስሙን አስገባሁ። ፕሪንተሩን ዘግቶ ለማስነሳት ፓስወርድ አይጠየቅም። ለሌላው ሁሉ ይጠየቃል። ሥራዬን አውቃለሁ።
ተቀምጦ ሞከረ።
«አይጽፍም።»
«ይጽፋል፣ አያሳይም እንጂ።»
ተሳሳተ። በየፊደሉ ኮከብ እንዲያሳየው አደረግኩለት። ኮከቦቹ ተደረደሩ፣ አሁንም ተሳስተሃል ይላል። ምን ጉድ ነው?... ለካ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው! የጥሪ ካርድ ሲጽፍ እንደዚያው ትቶት።
«አንተ ሰውዬ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው እንጂ! ልጃችን ባንተ እንዳይወጣ።»
አኮረፈ።

ዓርብ፣ ጥር 17
ከአልጋ። ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ ጠበቅኩ። ዛሬ ደወለ... ምሳ በላሽ ወይ ለማለት። ፈተናውስ?
«አልቋል። ወስደውታል።»
አለቀ? እኔ ሳልኖር? ደስ አለኝ። ትንሽም ከፋኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 8
ሴት ልጅ። ሁለታችንም ደህና ነን።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 5
ልጄን አዝዬ ሥራ ገባሁ። ወንበሬን ለራሱ ቁመት ከፍ አድርጎታል። ፓስወርዴን ጻፍኩ። አልተቀበለኝም። ደገምኩ። አሁንም። ደሜ ፈላ።
«ቀይረህብኛል! ከገዛ ኮምፒዩተሬ አስወጣኸኝ!»
በትከሻዬ በኩል እጁን ሰደደና ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው።
«ሪፖርት ላድርግ?»
«ለማን?»
ጀርባዬ ላይ የተኛችውን በአገጩ አሳየኝ።
«ለአስተዳዳሪዋ።»