ለቁልቁለቱ የሚሆን ጎማ

መቀሌ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፱ ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ፈንታሁን፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴም ከአልጋዋ አትነሳ እንጂ አፏ ደህና ነው፤ ስትቆጣኝ ትውላለች። የደሴ ትምህርትህ አልቆ በዚህ ወር መጨረሻ ወደ ኩሓ ሐኪም ቤት ሥራህ እንደምትመለስ ሾፌሩ ሐቢብ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ክረምቱ ገብቷላ! ትላንት የጣለው ዝናብ የጓሮውን አጥር ይዞት ሄደ፤ እኔ ግን አጥሩን ትቼ ከሥራ ስትመለስ የምትወርድበትን የእንዳ ኢየሱስን ቁልቁለት ሳስብ ዋልኩ።

ይባስ ብለህ «ለብስክሌቴ ስስ ጎማ ግዢልኝ፣ ይፈጥናል» ብለህ ልከህብኛል። እንዴት ያለህ ሰው ነህ! አገጭህ ላይ ያለውን ጠባሳ ደሴ ውስጥ የሚያሳይህ መስታወት ጠፋ?

ያምናውን ክረምት ረሳኸው እንዴ? ጎማ ከገበያ ሲጠፋ አልጋ ጠፋሪው ወልደጊዮርጊስ መክሮህ፣ ያለቀውን ጎማ በእርጥብ ጠፍር ጠመጠምከው። ሲደርቅ ጠንክሮ ድንጋይ ሆነ፤ አንተም «ከጣሊያን ጎማ ይበልጣል» እያልክ ሰፈሩን ዞርክበት። ዝናብ ሲነካው ጠፍሩ ለሰለሰ፣ ሸተተም፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እያለከለከ ተከተለህ። ጎረቤት እስከ ዛሬ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽህም። በማግስቱ ግን ያው ጠፍር ቁልቁለቱ ላይ ተፈትቶ ከጎማው ሽቦዎች ጋር ተጠማጠመና ጣለህ። ሰዎች ተሸክመውህ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ሞቷል ብዬ ነው የጮኽኩት። ያ ጩኸቴ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ይህን መንገድ የምትመላለሰው በእኔ ምክንያት ነው። «ኩሓ ቤት እንከራይ» ስትለኝ እናቴን ጥዬ አልሄድም አልኩህ፤ እሷም ቤቷን ጥላ አትሄድም። አንተም ሄደህ ብስክሌት ገዛህ። እሷ ደግሞ አንተ ካልመጣህ እራት አትቀምስም። አንተም መራቧን ስለምታውቅ ያንን ቁልቁለት ትበርበታለህ። ስለዚህ ብትወድቅ የጣልኩህ እኔ ነኝ እያልኩ እፈራለሁ። ይህን አፍ አውጥቼ ነግሬህ አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ወደ ጠሃ ሱቅ ሄድኩ። ያ ከወሎ የመጣው፣ ከአስመራ ጎማ የሚያስመጣው ጠሃ። ስሱን ጎማ እየዳበሰ፦

«አብሽሪ እቴ ምንትዋብ! ወላሂ የአስመራ ጎበዝ ሁሉ የሚነዳው በዚህ ነው» አለኝ።

«አስመራ አስፋልት ነው። የኛው ሰው ግን አስፋልት የሚያየው ኩሓ አካባቢ ብቻ ነው። ከዚያ ኮረት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ዋልካ።»

«እንግዲያው ወፍራሙን ውሰጂ፤ ጥርስ አለው፣ መሬት ይነክሳል። ችግሩ ዋልካውን ይዞ ይዞራል። ጭቃው ከጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ፣ ከፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቅና ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል።»

«ታዲያ የቱ ይሻላል?»

«እሱን አላህ ያውቃል» አለና ሳቀ። እኔ የምስቅበት ሆድ አልነበረኝም።

ብስክሌትህን አምጥቼ ወፍራሙን ከፊት፣ ስሱን ከኋላ አስገጠምኩት። ዝናቡ እንዳባራ ነጠላዬን አገልድሜ እየገፋሁ ወጣሁ። ሴት ብስክሌት ስትገፋ ያየ ሁሉ ቆሞ አፈጠጠብኝ፤ ያፍጥጥ! ዋልካው ላይ የፊቱ ጎማ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ የኋላው ግን እንደ ሳሙና እየሸሸ አስቸገረኝ። ጥቂት እንደሄድኩ ጠሃ እንዳለው ጭቃው ፓራፋንጎው ሥር ሞልቶ የፊቱም ቆመ። መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ ጭቃውን በጣቴ ስፍቅ እንባዬ መጣ።

ተመልሼ ጠሃን «ሁለቱንም ወፍራም አድርግልኝ፣ ፓራፋንጎዎቹንም ንቀላቸው» አልኩት።

«አንቺ! ድሬሰሩ ጀርባው ጭቃ ለብሶ በሽተኛ ሊያክም?»

«ጋዋኑን የማጥበው እኔ ነኝ፤ አንተን ምን አገባህ?»

በማግስቱ እንደገና ወጣሁ። ዋልካውን እሰይ፣ ያለ ችግር አለፈው! ደስ ብሎኝ ዳዕሮው ዛፍ ድረስ ገፋሁት፤ አንተ የወደቅክበት ቦታ ድረስ ማለት ነው። ከዚያ አዙሬ ቁልቁል መውረድ ጀመርኩ። እዚያ መንገዱን የሸፈነው ጠፍጣፋ ድንጋይ በዝናብ ርሶ ነበር። ፍሬኑን ጨምድጄ ይዤው እንኳ አዲሶቹ ጎማዎች ተንሸራትተው እኔንም ጎትተው ቦዩ ውስጥ ጨመሩኝ። ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ደህና ነኝ፣ አትደንግጥ። ግን እዚያው እንደ ተቀመጥኩ ገባኝ። ለጭቃው የሚሆን ጎማ አግኝቼልሃለሁ፤ ለዚያ ድንጋይ የሚሆን ግን ጠሃም የለው፣ አስመራም የለ።

እያነከስኩ ስገባ እናቴ «ጓለይ፣ ምን አገኘሽ?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። የተላጠውን ጉልበቴን ዳበሰችና፦

«ወደይ፣ ልጄ፣ በእግሩ ይምጣ በይው። ረሀብ እችላለሁ» አለችኝ።

ፈንታዬ፣ እሷ ለማንም እንዲህ ብላ አታውቅም። ስለዚህ ስማኝ። ጎማው ተገጥሞልሃል፤ ጭቃ ጀርባህን ቢያለብስህ እኔ አለሁ። ዳዕሮው ጋ ስትደርስ ግን ውረድና ብስክሌቱን እየገፋህ ና። ሰው ይስቅብኛል አትበል፤ እኔም ላይ አፍጥጠዋል፣ አልሞትኩም። ዝናብ በጣለ ቀን ሁሉ ማታ ማታ ከቁልቁለቱ ሥር ቆሜ እጠብቅሃለሁ። እየገፋህ ካየሁህ ወጥቼ እቀበልሃለሁ። ተቀምጠህበት ካየሁህ ግን ፊቴን አዙሬ ቤቴ እገባለሁ። ያንን ጩኸት ሁለተኛ መጮህ አልችልም።

በሰላም ያግባህ።

ያንተዋ ምንትዋብ