አዲሱ ቴፕ ካርቶኑ ውስጥ የከረመበት ምክንያት

እሁድ ከሰዓት፣ ጥቅምት 16

እንዴ፣ እታለም! «ሰው የጣለውን እየለቃቀምክ አዲስ ዕቃ መለየት አቃተህ» ነው ያልሽኝ? እኔን? የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ከሞት ያስነሳሁትን ልጅ? መልእክትሽን ሦስቴ አነበብኩት። አንደኛ ተናደድኩ፣ ሁለተኛ ሳቅኩ፣ ሦስተኛው ላይ እንደገና ተናደድኩ። ለአባዬ ብለሽ የላክሽው አዲሱ ቴፕ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ አራት ወር መክረሙን ማን እንዳሳበቀ አላጣሁትም። ራሱ አባዬ ነው። «ያንቺ ቴፕማ ካርቶኑ ውስጥ ከረመ ልጄ» ብሎ በስልክ ሲነግርሽ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። በዓይኔ ብጠቅሰው ብጠቅሰው ዝም ብሎ ለፈለፈልሽ።

ቆይ፣ በንዴት ሰላምታውን ዘለልኩት። እንደምን አለሽልኝ የኔ ቆንጆ፣ የኔ ቁጡ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ያ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አሁንም ያን ሁሉ ደረጃ እያስወጣሽ ከሆነ ንገሪኝና ለአለቆችሽ አንድ ደብዳቤ ልጻፍላቸው። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ሲቆጣ እንዴት እንደሚጽፍ ይዩት። እኛ ደህና ነን። አባዬም ደህና ነው፣ ጆሮው ብቻ ደከም ብሏል። ቀስ ብለሽ ስታወሪው አይሰማም፣ ስትጮሂበት ደግሞ «ምን ያስጮህሻል» ይላል።

አሁን ወደ ክርክራችን። እኔ አዲስ ዕቃ ጠላት ሆኖብኝ አይደለም። ግን አዲስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስበሽው ታውቂያለሽ? ማንም ከፍቶ ያላየው ማለት ነው። ፋብሪካው ውስጥ አንዱ ሠራተኛ ምሳ ሰዓት ደርሶበት ሽቦውን እንደነገሩ በይዶት ቢሆንስ? ካርቶኑ ያምራል፣ ፕላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፣ ሰውም ማማሩን ይገዛል። እኔ ያደስኩት ዕቃ ግን ከአንጀቱ ጀምሮ ታይቷል። አቧራው ወጥቶ፣ የላላው ብየዳ ተደግሞ፣ የተቃጠለው ተቀይሮ፣ ከዛ ሱቄ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። ያንን ቀን ከቻለ ይሸጣል፣ ካልቻለ ተመልሶ ይፈታል። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ከመኪናው ቀና ብሎ፣ «አንተ ጡሩምባ፣ የዚህ ስፒከር ፈተና መቼ ነው የሚያልቀው?» ይለኛል።

«ሲያልፍ ነዋ» እለዋለሁ።

«እሱ እስኪያልፍ እኔ ወደቅኩ እኮ! የሰውየውን ሱሪ ከኮት እጅጌ ጋር ልገጥመው ነበር!»

ባለፈው ፀጉር አስተካካዩ እኔን ንቆ ለፀጉር ቤቱ አዲስ ቴሌቪዥን ገዛ። ከኔ የታደሰውን ግዛ ብለው «እኔ የሰው ትራፊ አላይም» አለ። በሃያ ቀኑ ግማሹ ስክሪን ጠቆረ። ደንበኞቹ ኳስ ሲያዩ አንዱ ቡድን ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ ነው የሚጫወተው። የዋስትናው ወረቀት ላይ ያለው ስልክ ቢደወል ቢደወል አይነሳም። የኔ ዋስትና እኔ ነኝ። ከልብስ ሰፊውና ከቁልፍ ቀራጩ መሃል ተወትፌ እገኛለሁ። ላምልጥ ብልስ የት እደርሳለሁ፣ ያን ጠባብ በር በጎኔ ነው የምወጣው።

በዚያ ላይ እኔ ሐቀኛ ነኝ። ባትሪ ያገለገለ አትግዙ እላለሁ። የሲዲ ማጫወቻም ዓይኑ ከደከመ አልነካውም፣ ሂዱና አዲስ ግዙ ብዬ ራሴ እሸኛቸዋለሁ። ስለዚህ መለየት አቃተህ አትበዪኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳትኩት። እሱንም ልነግርሽ ነው ይሄን ሁሉ ወረቀት የምፈጀው፣ ታገሺኝ።

ያንቺ ቴፕ የመጣ ቀን ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር፣ ይሄን እወቂልን። አባዬ እጁን ታጥቦ ነው ካርቶኑን የከፈተው። ከዛ የእማዬን ካሴት ከመሳቢያው አወጣት። ታውቂያታለሽ መቼም፣ እሱ ሩቅ መንገድ ይነዳ በነበረ ጊዜ ድምጿን ቀድታ በረዳቱ የላከችለት። እማዬ ታማ ከሞተች ጀምሮ ያቺ ካሴት ከአሮጌው ቴፕ ሌላ ምንም ውስጥ ገብታ አታውቅም። እኔ በዚህ ሁሉ ሙያዬ ሱቅ ልውሰዳት ብዬ ስለምነው እንኳ «ቴፕህ ይበላብኛል» ብሎ እምቢ ነው። ላንቺ ሲል ግን አዲሱ ውስጥ ከተታት።

እማዬ መናገር ጀመረች። የአባዬ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ይቺ ማናት?» አለኝ።

«እማዬ ናት እንጂ ማን ትሆናለች።»

«አይደለችም። ይቺ የምትቸኩል ልጅ ናት። አጥፋው።»

እኔም ሰምቻለሁ። ድምጿ ቀጥኗል፣ ፈጥኗል። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ አፌ አያርፍም። «አየህ አባዬ፣ አዲስ ዕቃ እንዲህ ነው። ርካሽ ሞተር ገጥመውበት ከልኩ በላይ ያዞረዋል» ብዬ ግማሽ ሰዓት ሰበክሁት። ራሴ መልሼ አሸግኩትና ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ዝም አልኩ። ምክንያቱ ይሄው ነው።

ባለፈው ወር ግን አሮጌው መጎተት አመጣ። የእማዬ ድምፅ በየቀኑ ወፈረ፣ ዘገየ፣ አንድ ጠዋት ጭራሽ ወንድ መሰለች። አባዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱ ተለዋወጠ። «ልትሄድብኝ ነው» አለ። ቴፑን ማለቱ እንዳይመስልሽ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። «ሙት እልሃለሁ አባዬ፣ እንደ ድሮዋ አድርጌ ነው የማመጣልህ!»

ሱቅ ወስጄ ፈታሁት። ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የምታያይዝ አንዲት ቀጭን ጎማ አለች፣ እኛ ቺንጋ ነው የምንላት። እንደ ቆየ ካልሲ ላስቲክ ረግባ መዘውሩ ላይ ተንጠልጥላለች። አዲስ ቺንጋ ገጠምኩለት፣ የደረቀውን ዘይት ጠርጌ አዲስ አጠጣሁት፣ ካሴቱን ነክታ ድምፁን የምታነበውን ብረት በአልኮል አፀዳሁ። ሌላ ካሴት ከትቼ ቀኑን ሙሉ አስጮህኩት፣ ልብስ ሰፊው ቀኑን ሙሉ ረገመኝ። አለፈ። እያፏጨሁ ቤት ወሰድኩትና አባዬ ሽንት ቤት እንዳለ የእማዬን ካሴት ከተትኩ።

እታለም፣ ያቺው የምትቸኩል ልጅ መጣች።

አላመንኩም። አዲሱን ከቁም ሳጥን አወረድኩ። ካሴቷን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እየከተትኩ አንዷን ንግግሯን በስልኬ ሰዓት ለካሁ። እኩል ነው። ያንቺ አዲሱና የኔ የታደሰው ልክ እኩል። ከልኩ ወጥቶ የኖረው አሮጌው ነው ማለት ነው። ቺንጋዋ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስትረግብ፣ እማዬ ትንሽ ትንሽ ስትዘገይ፣ እኛም አብረናት ለምደነዋል። እና አንቺ ልክ ነበርሽ። ይኸው ጻፍኩት። ደግመሽ አታጽፊኝም፣ ይሄንን ወረቀት ፍሬም ውስጥ አድርጊው።

እሱ አይደለም ግን ያስደነገጠኝ። የለካሁት ንግግር የትኛው መሰለሽ? ያ የምናውቀው፦ «ሴት ልጅህ ስትዘል የሶፋውን እግር ሰብራዋለች፣ ብትመጣም መቀመጫ የለህም። ቢሆንም ቶሎ ና።» ይሄን ነገር በሕይወቴ ስንቴ ሰማሁት። ሁሌ የምትናገረው የደከማት ሴት ነበረች። ያኔም አሟት ኖሯል እያልኩ ነው ያደግኩት። አሁን ግን እየሳቀች ነው፣ እታለም! «መቀመጫ የለህም» ስትል ሳቋን ልትውጥ ስትታገል ይሰማል። «ቶሎ ና»ዋ ልመና አይደለም፣ ቀልድ ነው። ከኋላ አንቺ ደግሞ «አልሰበርኩም!» እያልሽ ትጮሂያለሽ፣ እንደ አይጥ።

አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ አላየሁትም። አጥፋው ይለኛል ብዬ እጄን ሰደድኩ።

«ድገመው» አለ።

ደገምኩት። ሦስቴ አስደገመኝ። ከዛ መጥቶ ተቀመጠና፣ «ደክሟት ነበር ብዬ ነው የኖርኩት» አለ። «ሕመሟን ደብቃኝ፣ ቶሎ ና እያለችኝ፣ እኔ ሌላ ጭነት ጭኜ ሄድኩ ብዬ። ሃያ ሁለት ዓመት።»

«አባዬ፣ አንተ ራስህ ድምጿን አታስታውስም እንዴ? ከቴፑ ውጪ ያለውን?»

የአሮጌውን ቴፕ ክዳን ዳበሰ። «ቴፑን ነው የማስታውሰው» አለኝ።

ከዛ ቀን ወዲህ ሁለቱንም አያስከፍተኝም። ሁለቱ ቴፖች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ካሴቷ መሃላቸው። ጠዋት ሱቅ ልሄድ ስል «የትኛዋ ናት?» ይለኛል። ማታ ስገባም «የትኛዋ ናት?» እኔ ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሰውዬ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን እፈታለሁ።

«የምትስቀዋ ናት በለው፣ ምን ያስጨንቅሃል» ትዪኝ ይሆናል። ሙያዬ የሚለውም እሱን ነው። ግን ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ አሮጌው ቴፕ አባዬ ሲገዛውም አዲስ አልነበረም፣ ከሹፌር ጓደኛው ያገለገለ ነው የወሰደው። እማዬ ስትቀዳበት ቺንጋዋ ያኔውኑ ረግባ ከነበረስ? በረገበ ቺንጋ የተቀዳ ድምፅ ደህና ቴፕ ላይ ከእውነተኛው ይፈጥናል። እንዲያ ከሆነ የደከማት እሷ ናት እውነተኛዋ። ሞተሩ ጀርባ አንዲት ቀዳዳ አለች፣ ውስጧ ብሎን አለ። በትንሽ ካቻቢቴ ወዲህ ስታዞሪው ይፈጥናል፣ ወዲያ ስታዞሪው ይዘገያል። የፈለግሽውን እናት ላወጣልሽ እችላለሁ፣ ሙያው አለኝ። ዕቃ ማደስ ወደ ነበረበት መመለስ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ እፎክራለሁ። የነበረችበትን ነው የማላውቀው።

እኔ ያኔ ዓመት ከመንፈቄ ነበር። ካሴቱ ላይ የማለቅሰው እኔ ነኝ፣ ሌላ ምንም የለኝም። እኔ ያለችኝ ያቺ ቀስ ብላ የምትናገረው ናት። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አባዬ እሷን ከፍቶልኝ ነበር የምተኛው። ትክክለኛዋ ሌላ ከሆነች እኔ... ተይው። እኔ አልጎዳም፣ ታውቂኛለሽ። ሁለት እናት አለኝ ብዬ ለልብስ ሰፊው ጉራ እነዛበታለሁ።

ይሄን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ናት፣ ልጇን ልትጠይቅ ወዳንቺ አገር ስትመጣ። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ በፕላስተር የለጠፍኩት ፍላሽ አለ፣ እንዳትጥዪው። አባዬ ሲተኛ ቀድቼ ሁለት ነገር ነው የጫንኩበት። አንደኛው አባዬ የለመዳት ናት፣ ብሎኑን እንድትዘገይ አዙሬ የቀዳኋት። ሁለተኛው የምትስቀዋ ናት። ከሥራ ስትወጪ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ ብቻሽን ሆነሽ ስሚያቸው። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ነበርሽ። ሶፋው ላይ የዘለልሽው አንቺ ነሽ። እማዬ ስትቀዳ ፊቷን አይተሻል። በዚህ ዓለም ላይ ይሄን የምታውቂ አንድ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፣ እኔ ደግሞ ሰው ለምኜ አላውቅም፣ ስለዚህ ለምኖኛል ብለሽ ለማንም እንዳታወሪ።

እንዳታባብዪኝ ደግሞ። እኔ የቱን እንደምፈልግ ገምተሽ እሱን እንዳትነግሪኝ። የሰማሽውን ብቻ። ደክሟት ከነበረም ደክሟት ነበር በይኝ፣ ለአባዬ እንዴት እንደምነግረው እኔ አውቃለሁ።

እንዳትደውዪ። ስልኩን ለሱ ጆሮ ብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የማነሳው፣ ቀድሞኝ ይሰማል። ጻፊልኝ።

በይ የኔ እናት፣ እጅሽ ከሳሙናው ይረፍ፣ ጉልበትሽ ደረጃውን ይናቀው፣ አለቃሽን ፈጣሪ ልብ ይስጠው። የላክሽው ቴፕ ግሩም ዕቃ ነው። አባዬ አቧራ እንዳይነካው በራሱ ነጠላ ሸፍኖታል፣ አሮጌውንም አብሮ።

ድምፁ ከሁላችሁም የሚበልጠው ወንድምሽ፣
ጡሩምባው

አንደኛው ነው ሁለተኛው? ካቻቢቴውን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። በሰማሽበት ሰዓት ጻፊ፣ ነገ አትበዪኝ።